የልብስ ሰፊዋ ጣውንት

መምህሩ የሞተ ጊዜ ከለቀስተኛው ግማሹ የአዳራሹ ሰው ነበር። ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ የማታውቃቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየገቡ እጇን ይጨብጧታል። «ትልቅ ሰው አጣን» ይሏታል። «አዳራሹ አባቱን ቀበረ» ያላትም አለ። እሷ አንገቷን ነቀነቀች። በልቧ ግን፣ አዳራሹ አባቱን ከቀበረ እኔ ታዲያ ማንን ነው የቀበርኩት አለች።

ሰውየው የታሪክ አስተማሪ ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ አዳራሽ» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት በክፋት አይደለም፤ ሌላ ወሬ ስለሌለው ነው። ሰላም ካሉት ስለ አዳራሹ ያነሳል፤ ዝም ካሉትም ያነሳል።

አዳራሹ በከተማዋ መሐል፣ ሁለት ሰፋፊ መንገዶች በሚገናኙበት ጥግ ላይ የቆመ ባለ ጉልላት የድንጋይ ቤት ነው። ያሠራው አንድ እንጨት ነጋዴ ነው። ነጋዴው ለሙዚቃ ነፍሱን ይሰጣል። ጆሮው እየደከመ ሲሄድ፣ ጨርሶ ሳልደነቁር ድምፅ አጥርቶ የሚያሰማ ቤት ልሥራ ብሎ ያለውን ሁሉ አፈሰሰበት። ሥራው ተጓተተ። በመጨረሻ በሩ ሲከፈት ሰውየው ነጎድጓድ እንኳ አይሰማም ነበር። እንዲያም ሆኖ ሙዚቃ ባለ ቁጥር ከፊት ረድፍ ይቀመጥና፣ ከዘራውን ሳንቃው ላይ ተክሎ ንዝረቱን በእጁ ያዳምጣል አሉ። ከእሱ በኋላ አዳራሹ ያላየው ነገር የለም። በጦርነት ጊዜ ቁስለኛ ተኝቶበታል፤ ከዚያ እህል ተከምሮበታል፤ ፍርድ ቤት ሆኗል፤ ሲኒማ ሆኗል። መጨረሻ ላይ ተዘጋና ለእርግብና ለአይጥ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ እንደ ገዛ ስሟ ታውቀዋለች። ፈልጋ አይደለም። ወሬው አንድ ብቻ ከሆነ ባል ጋር የኖረች ሴት ሳታጠና ታውቃለች።

ማዘጋጃ ቤቱ ይፍረስና የመኪና ማቆሚያ ይሁን ሲል መምህሩ ገና ጎልማሳ ነበር፤ ልጃቸውም ዳዴ ትላለች። ያን ቀን ቤት ገብቶ እህል ሳይቀምስ ተቀመጠ፤ እናቱን ሊገድሉበት የተነሱ ይመስል። በማግስቱ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመረ። ከፊርማው ኮሚቴ መጣ፣ ከኮሚቴው ክስ፣ ከክሱ ይግባኝ፤ በዚያው ዕድሜ ነጎደ። ቅዳሜ የአዳራሹ ነው። እሁድ የአዳራሹ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ዕረፍቱም የአዳራሹ ነው። አንድ ሰሞን ልጅቱን ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት አድሮ፣ ጠዋት መምህሩ ግንባሯን ዳሰሰና «ወርዶላታል» ብሎ ኮሚቴው ጋ ሄደ። በርግጥም ወርዶላት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ግን ያቺን ቃል ከልቧ አላወጣቻትም።

ጎረቤቶች ይቀልዱባታል።

«ዛሬም የለም? ይኼ ሰውዬ ሌላ ሳይዝ አይቀርም።»

«ይዟል እንጂ» ትላለች መርፌዋን ከከንፈሯ ሳታወጣ። «ጣውንት አለችኝ። በዕድሜ አያቴ ትሆናለች፤ ወገቧ መንገድ ይዘጋል፤ ደሞ ዝናብ ሲመጣ አናቷ ያፈሳል። ምን ዋጋ አለው፣ ልቡ እሷ ጋ ነው።»

ይስቃሉ። እሷም ትስቃለች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቀልዱ ቀልድ ነበር፤ እያደር ግን መረራት።

በኋላ ጣውንቷ ቤቷ ድረስ ገባች። የተዘጋውን አዳራሽ ሌባ ይዘርፈው ስለነበር፣ መምህሩ ከሌባ ያስጣለውን እየተሸከመ ያመጣል። የነሐስ የበር እጀታ፣ አበባ የተሳለበት የወለል ሸክላ፣ የወንበር ክንድ፣ ከትልቁ መብራት የረገፉ የመስታወት ፍሬዎች በጋዜጣ ተጠቅልለው። «ለጊዜው ነው» ይላታል። ካርቶኖቹ አልጋ ሥር ሞሉ፤ ቁም ሳጥን ላይ ወጡ። የመቁረጫ ጠረጴዛዋ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ከካርቶኖቹ አንዱ፣ ሸክላ የያዘው ጠፍጣፋው፣ የእሱ ድጋፍ ሆነ። አልጋ ላይ በተገላበጡ ቁጥር ከሥር መስታወቱ ይንቃጨላል።

አዳራሹ ውስጥ የገባችው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ወረደና የአዳራሹ ጣሪያ ተቀደደ። መምህሩ እየሮጠ መጥቶ «ባልዲ፣ ሳፋ፣ ያለውን ሁሉ» አላት። ተሸክማ ተከተለችው። ውስጡ ጨለማ ነው፤ የእርግብ ኩስ ይሸታል። ውሃው ከጉልላቱ በቀጭን በቀጭኑ ይወርዳል። መምህሩ እጅጌውን ሰብስቦ ከአንዱ ባልዲ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ አንዱን ሲደፋ ሌላው ይሞላበታል፤ ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በርቷል። እንዲያ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም፤ በሠርጋቸው ቀን እንኳ። ልብስ ሰፊዋ እርጥብ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች አንድ ጥግ ቆማ፣ አንዴ ዞር ብሎ ቢያየኝ ብላ ጠበቀች። አላያትም። ዝናቡ ሲያባራ ሳፋዋን ይዛ ብቻዋን ወደ ቤቷ ሄደች። መሄዷን ያወቀም አልመሰላትም።

የመጋረጃው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ቀን ቀይ የከፋይ ጨርቅ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ከመድረኩ መጋረጃ ላይ የተቀደደው ነው። በሁለት እጁ ዘርግቶ አሳያትና፣

«ከአንቺ እጅ የተሻለ በዚህ ከተማ የለም» አላት።

ከልቡ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባላት። ያን ቀን ግን እግሯን ከስፌት መኪናው ፔዳል ላይ አነሳችና፣

«ለጣውንቴ ቀሚስ አልሰፋም» አለችው።

መምህሩ አያት። የሚናገር መስሏት ጠበቀች። ቢቆጣ ትመልስለት ነበር፤ ቢለምናት ምናልባት ትሰፋው ነበር። እሱ ግን ጨርቁን ጥግ ከጥግ አገናኝቶ፣ አንሶላ እንደሚያጥፍ ሰው በቀስታ አጥፎ፣ ይዞት ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ የአዳራሹን ስም አላነሳም። ተጣሉ የሚል ሰው የለም፤ አልተጣሉምም። አብረው ሻይ ይጠጣሉ፤ ዜና ይሰማሉ፤ ልጃቸው አድጋ ሌላ ከተማ ስታገባ አብረው ሄደው ድረዋታል። ነገር ግን አዳራሹ ካልተነሳ መምህሩ ብዙም የሚያወራው አልነበረውም። ስለዚህ ዝም ተባብለው ኖሩ። በይግባኙ ተፈርዶ አዳራሹ እንዳይፈርስ በቅርስነት ሲመዘገብ፣ ልብስ ሰፊዋ የሰማችው ሱሪ ሊያሳጥር ከመጣ ደንበኛ ነው። እድሳቱ ሲጀመርም እንዲሁ።

መምህሩ ጡረታ ሲወጣ እንደ ሥራ ሰው ጠዋት ጠዋት ለብሶ ወደ አዳራሹ ይሄድ ጀመር። አንድ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ነው የሆነው። ከወዲያኛው ክፍል «ሻይህ ቀዘቀዘ» አለችው። ደግማ አለችው። ስትገባ አንዱ ጫማ ታስሯል፤ አንዱ አልታሰረም።

ሐዘኑ ጋብ ሲል የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ መጣች። ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ለስላሳ። የተቀመጠችበት ወንበር ላይ የጨርቅ ቁርጥራጭ ስለነበር ለማንሳት አፍራ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ አዳራሹ በሚቀጥለው ወር ይከፈታል። ከፊት ረድፍ ቦታ ይዘንልዎታል። በጎን ካሉት ክፍሎች አንዱ በመምህሩ ስም እንዲጠራ ተወስኗል። በዕለቱ ሁለት ቃል ቢናገሩልን ብለን ነበር።»

«ስለ ምን?»

«ስለ መምህሩ። ስለ ልፋታቸው።»

«ልፋቱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ ልጄ። እኔ የማውቀው ቤት አለመኖሩን ነው።»

ሥራ አስኪያጇ የሻይ ብርጭቆዋን አየች። ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ለመከራከር አልሞከረችም። ብርጭቆዋን አስቀምጣ፣

«ዕቃዎቹስ?» አለች በቀስታ። «መምህሩ እዚህ እንዳስቀመጧቸው ነግረውን ነበር። እጀታዎቹን መልሰን በሮቹ ላይ ልንገጥማቸው ነው።»

«ውሰዷቸው። ዛሬውኑ ብትወስዱልኝ ደስ ይለኛል።»

ከሰዓት በኋላ ሁለት ወዛደሮች መጥተው ካርቶኖቹን ተሸክመው ወጡ። ልብስ ሰፊዋ በሩን ይዛ ቆማ ሲያወጡ አየች። የጠረጴዛው ድጋፍም አብሮ ሄደ። በቦታው የታጠፈ ጨርቅ ከተተች፤ ጠረጴዛው ግን መወላወሉን አልተወም። አልጋ ሥር ጠረገች። ቁም ሳጥኑን ከላይ ወለወለች። ሲመሽ የምትወለውለው አለቀባት።

ቤቱ እንዲያ ባዶ ይሆናል ብላ አላሰበችም። መምህሩ ከሞተ በኋላ እንኳ እንዲያ አልነበረም። ስትጠርግ ካርቶኖቹን በመጥረጊያዋ ጎሸም እያደረገች «ዞር በይ እስቲ አንቺ» ማለት ልማዷ ነበር። ሞቅ ሲላት ትሰድባቸዋለች፤ ባሏን መናገር የማትችለውን ለእነሱ ትናገራለች። ለካ ስታወራ ነው የኖረችው። አሁን ግድግዳው የራሷን ድምፅ ይመልስባታል። ጣውንት ጥላ ስትሄድም ቤት ይጎድላል ብሎ ማን ነገራት።

እሁድ ልጅዋ ደወለች።

«ወሰዱልሽ አይደል? አሁን ቤቱ ሰፋልሽ።»

«ሰፋኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በጣም ሰፋኝ።»

ልጅዋ ነገሩ አልገባትም። «ምረቃው ላይ ትሄጃለሽ?»

«አልሄድም። አንቺስ? አንቺንም ጠርተውሻል አሉ።»

«እኔ ያንን ቤት ማየት አልፈልግም እማዬ። ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ መስኮት ላይ ቆሜ...» ብላ አቋረጠችው። «ደሞ ሥራ አለብኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጨርቅ መቁረጥ አቃታት። ጠረጴዛው እየተወላወለ ሁለት ኮት ጠመመባት። በመጨረሻ መቀሷን አስቀምጣ፣ ሄጄ አንዱን ካርቶን ልለምናቸው አለች። ለራሷ ያለችው እንዲያ ነው። ድጋፍ የሚሆን ነገር እኮ ከዳቦ ቤቱ ደጅም አይጠፋም።

አዳራሹ የጎን በሩ ክፍት ነበር። ስትገባ የቀለምና የአዲስ እንጨት ሽታ ተቀበላት። አንድ መላጣ ሽማግሌ አናጺ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ተንበርክኮ የወንበሮቹን እግር ከሳንቃው ጋር ያስራል።

«ማንን ፈለጉ እትዬ?»

«ካርቶን ፈልጌ ነው። ከእኔ ቤት ከመጡት አንዱን። የመምህሩ ሚስት ነኝ።»

አናጺው መፍቻውን ወለሉ ላይ አደረገ። እጁን በሱሪው ጠርጎ ተነሳና ጨበጣት። ደስ ብሎት ነበር፤ ከደስታው ብዛት አፉ ቀደመው።

«ጣውንቷን ሊያዩ መጡ?»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ሳበች። «ምን አልክ?»

አናጺው ፊቱ ደም መሰለ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አፌ አዳልጦኝ ነው። እኛ ሠራተኞቹ ቤቱን እንዲያ ብለን ነው የምንጠራው። ‹ነገ ጠዋት ጣውንቷ ጋ እንገናኝ› እንባባላለን። ቀለም ቀቢውም፣ የመብራት ሠራተኛውም። ሥራ አስኪያጇ ብቻ ናት የማታውቀው።»

«ማን አወጣላት ይኼን ስም?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ» አለ አናጺው።

ልብስ ሰፊዋ ከፊቷ የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከጎረቤት ጋር ስትቀልድበት የኖረችው ቃል ነው፤ ለባሏ ፊት ለፊት የተናገረችው ግን አንድ ቀን፣ በገዛ ቤቷ፣ ሁለቱ ብቻ ባሉበት ነው። መምህሩ ውጦት የሞተ ነበር የመሰላት።

«እሱ ነገራችሁ» አለች።

«መጋረጃውን ይዞ የተመለሰ ዕለት። ያኔ ገና በፈቃደኝነት ነበር የምንሠራው፣ አምስት ስድስት እንሆናለን። ‹አልሰፋችውም እንዴ?› አልነው። እርስዎ ያሉትን ቃል በቃል ነገረን።»

«ሳቃችሁብኝ።»

«ሳቅን። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሆዳችንን ይዘን ነው የሳቅነው።»

«እሱስ?»

አናጺው እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውጥቶ አገላበጠው። «እሱ አልሳቀም። እኛ ወደ ሥራችን ስንመለስ እዚያ የመድረኩ ደረጃ ላይ፣ ጨርቁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ብዙ ቆየ። እየመሸ ሲሄድ ጠጋ ብዬ ‹መምህር፣ ቤትህ ብትገባ አይሻልም?› አልኩት። ‹ምን ብዬ ልግባ?› አለኝ።»

«ምን ብዬ ልግባ?» አለች ልብስ ሰፊዋ ቃሉን እየደገመች።

«እንዲያ ነው ያለኝ።»

ያን ምሽት አስታወሰችው። ዘግይቶ ነው የገባው። በሩ ላይ ቆሞ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ «ሻይ አለ?» አላት። «አለ» አለችው። ቀድታ ሰጠችው። ጠጣ። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን ምሽት እንደ ንቀት ነበር የምትቆጥርበት፤ ምንም እንዳልሆነ ሰው ሻይ ጠየቀኝ እያለች። ያንን ቃል ፈልጎ ለማግኘት ስንት ሰዓት እዚያ ደረጃ ላይ እንደተቀመጠ አሁን ገና ሰማች።

ቢሆንም ቂሟ ሟሟ ማለት አይደለም። እንዲያውም አዲስ ንዴት ተጨመረባት። ለእነዚህ ሰዎች ቀልዷን፣ ቁጣዋን፣ አነጋገሯን ሁሉ ነግሯቸዋል፤ እሷ በሌለችበት ስሟ እዚህ ሲጠራ ሲነሳ ኖሯል። ቤት ውስጥ ግን ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አፍ አጥተው ተቀምጠዋል። እሱ ምን ብዬ ልግባ ሲል፣ እሷ ምን ብዬ ልጥራው ስትል።

«ስለ እኔ ብዙ ያወራ ነበር?» አለች።

«ከአዳራሹ ሌላ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ግን ስናጠፋ ‹ይኼን ባለቤቴ ብታይ በአንድ ቃል ትጨርሳችሁ ነበር› ይለን ነበር።» አናጺው ፈገግ አለ። «እኛም እንፈራዎት ነበር። በሩቁ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳትፈልግ ፈገግታ አመለጣት። ቀና ብላ አየች። ጉልላቱ ነጭ ተቀብቶ ዙሪያው የወርቅ ቅብ ተከትሎታል፤ ከላይ ባሉት ክብ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ወንበሮቹ ላይ እየወረደ ነው። መድረኩ ላይ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል። የፋብሪካ ሥራ ነው፤ ጠርዙን ከሩቅ አይታ አሰፋፉን አልጠላችውም።

«ቆንጆ ነው» አለች። ለመናገር ከብዷት ነበር።

አናጺው ካርቶኖቹ ሁሉ ተፈተው ዕቃቸው ወደየቦታው እንደሄደ ነገራትና፣ ለምን እንደፈለገችው ጠየቃት። ስትነግረው «ምን ያህል ያጥራል?» አላት። ሁለት ጣቷን አጋጥማ አሳየችው። ከተረፉት የወንበር እንጨቶች አንዱን መርጦ ቆረጠላት፤ እንዳያንሸራትት አንድ ፊቱን ሸካራ አድርጎ ተወው፣ ሌላውን በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው። አመስግና ወጣች። ቤቷ ደርሳ ከጠረጴዛው እግር ሥር ስታስገባው ልክክ አለ።

ምረቃው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልብስ ሰፊዋ አልሄድም እንዳለች ሰነበተችና፣ በዕለቱ ጠዋት ጥቁሩን ቀሚሷን ስትተኩስ ራሷን አገኘችው። በሩ ላይ ሕዝብ ተጨናንቋል። ሥራ አስኪያጇ ስታያት ክንዷን ይዛ ወደ ፊት ረድፍ ወሰደቻት። ሁለት ወንበሮች ላይ «የመምህሩ ቤተሰብ» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል። በአንደኛው ተቀመጠች። ሌላኛው የልጅዋ ነበር። ሰዎች በረድፉ ሲያልፉ ባዶውን ወንበር አይተው «ሰው አለው?» ይሏታል። ሦስተኛው ሰው ሲጠይቃት ኮቷን አውልቃ አኖረችበት።

አንድ ባለሥልጣን ረጅም ንግግር አደረገ። ስለ እንጨት ነጋዴው ተናገረ፣ ስለ ቁስለኞቹ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ፍርድ ቤቱ። ሁሉንም ታውቀዋለች፤ ግን በሌላ ሰው ድምፅ ሰምታው አታውቅም። ከዚያ «ሕይወቱን ሙሉ ለዚህ አዳራሽ የሰጠ» ብሎ የመምህሩን ነገር አነሳ። ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበ። ሥራ አስኪያጇ ድምፅ ማጉያውን ይዛ ወደ እሷ መጣችና ጎንበስ ብላ፣ «ካልፈለጉ ይተውት እትዬ» አለቻት በጆሮዋ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሳች። የሰጠው የራሱን ሕይወት ብቻ አይደለም ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ፊት ለፊቷ ያሉትን ሰዎች አየች፤ አናጺው ከኋላ ከሚስቱ ጎን፣ ክራቫት አንቆት ቆሟል። ቃሉን መልሳ ዋጠችው።

«እዚህ ደስ ይለው ነበር» አለች። «አይቼዋለሁ።»

ተቀመጠች። ሕዝቡ ትጨምር ይሆን ብሎ ትንሽ ጠበቀና አጨበጨበ።

ከዚያ ሙዚቃው ተጀመረ። ልብስ ሰፊዋ እንዲህ ዓይነት ሙዚቃ አልለመደችም፤ መጀመሪያ ላይ የተጫዋቾቹን ኮት እያየች የትኛው እጅጌ በትክክል እንዳልተሰፋ ስትመረምር ቆየች። መሐሉ ላይ ግን ሌሎቹ ሁሉ ዝም አሉና አንዲት ሴት ብቻዋን፣ በጣም በቀስታ፣ መጫወት ጀመረች። ድምፁ ከመድረኩ የሚመጣ አይመስልም፤ ከጉልላቱ ወርዶ አጠገቧ ቁጭ ያለ ነው የሚመስለው። ክንዷን ውርር አደረጋት። «ሰማህ?» ልትል ወደ ጎኗ ዞረች።

ኮቷ ነው ያለው።

እስኪያልቅ ድረስ ወደዚያ አልዞረችም።

ሲያበቃ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ወጣ። ሥራ አስኪያጇ አቅፋ ሳመቻት፤ ወዲያው ሌሎች ጠሯትና ሄደች። አናጺው ሚስቱን አስተዋወቃትና «እንሸኝዎት» አላት፤ ቤታቸው በተቃራኒው በኩል ስለሆነ አልፈቀደችም። በዋናው መንገድ በእግሯ ተመለሰች። ሱቆቹ መብራታቸውን እያበሩ ነበር። መንገድ ላይ ያወቃት ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ልጅዋ ደወለች።

«ሄድሽ አሉ። እንዴት ነበር?»

«ሕዝብ ነበር።»

«ሙዚቃውስ?»

«ረጅም ነው። መሐሉ ላይ ግን...» ልትነግራት ፈለገች፤ እንዴት እንደሚነገር አላወቀችበትም። «ጥሩ ነበር።»

«አጠገብሽ ማን ተቀመጠ?»

«ማንም። ኮቴን አኖርኩበት።»

በስልኩ ውስጥ የልጅዋ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ቅዳሜ ልምጣ እማዬ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ ከሆነ ነይ።»

ቅዳሜ አልመጣችም፤ ሕፃን ልጇን ጉንፋን ይዞት ነበር። በሚቀጥለውም አልሆነላትም። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ሰኞ፣ ሳትናገር፣ አንዲት ቦርሳ አንጠልጥላ መጣች። ሻይ ጠጡ። ስለ ሕፃኑ ጥርስ አወሩ፤ ስለ ባሏ ሥራ አወሩ፤ ስለ አባትየው አላወሩም። ወደ አስር ሰዓት ላይ ልጅቱ ብርጭቆውን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እስቲ ውሰጂኝ» አለቻት። ወዴት ብላ አልጠየቀቻትም።

ሲደርሱ አዳራሹ ዝግ ነበር። ሰኞ አይሠራም፤ በሩ ላይ ተጽፏል። ልብስ ሰፊዋ የጎን በሩንም ሞከረችው፤ ተቆልፏል። ልጅቱ «ይሁን» አለች። ቦርሳዋን ለእናቷ ሰጥታ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ የበሩ መስታወት ላይ በሁለት እጇ ዓይኖቿን ከልላ ወደ ውስጥ አየች።

«ምን ይታይሻል?» አለቻት ልብስ ሰፊዋ ከሥር።

«ጨለማ ነው። ወንበር።» ትንሽ ቆየች። «ብዙ ወንበር።»

ከመስታወቱ ግንባሯን አላነሳችም። መንገደኞች ዞር እያሉ እያዩዋቸው ያልፋሉ። ልብስ ሰፊዋ እንሂድ አላለቻትም፤ አይታ እስክትጨርስ ድረስ ቦርሳዋን ይዛላት ቆመች።